ጉንፋኑና የአባቴ መስኮት

ሰው ሁሉ «ቀላል ነው» ሲል መጠርጠር የምጀምር ሰው ነኝ። ጥርስ መነቀልም ይሁን ቤት መቀየር፣ «ቀላል ነው» ያለኝን ሰው ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይቺ ልጅ ቁስሉን ካልዳሰሰች አታምንም» እያለች በቤተ ክርስቲያን ሴቶች ፊት ትስቅብኝ ነበር። ሥራዬ ደግሞ ጭራሽ አባሰብኝ። ዊንጌት አካባቢ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አፉ «ደህና ነኝ» የሚለውን ሰው ደሙ ሲያጋልጠው ማየት እንጀራዬ ነው።

ስለዚህ በዚያ የገና ሰሞን ከተማው በሙሉ ሲያስል እኔም ከተማውን በሙሉ ጠረጠርኩ። በታክሲ፣ በባንክ ሰልፍ፣ በአምልኮ መካከል ሰው ያስላል፣ ያስነጥሳል፣ ወገቤን ይላል። ኮሮና ያዘኝ የሚል ግን አልነበረም። «ጉንፋኑ ነው፣ ሦስት ቀን ነው፣ ዝንጅብል ጠጪበት» ይሉኛል። እኛ ክሊኒክ ውስጥ ስሙን እናውቀው ነበር፤ ኦሚክሮን። ከአፍንጫ ናሙና ስንወስድ እንውላለን፤ ሁለት መስመር ያወጡ መመርመሪያዎች ጠረጴዛውን ይሞሉት ነበር። ከፊተኛው ከዴልታ ይልቅ የሚጠናበት ሰው ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ግን የቀለለው ቫይረሱ ራሱ ለስልሶ ነው ወይስ ሰዉ ቀድሞ ታምሞና ተከትቦ ስለጠነከረ? ደግሞስ አንድ ቤት ገብቶ ሁሉንም የሚያዳርስ ነገር፣ ለብዙው ሰው ቢቀልም፣ እየዞረ ደካማውን ማግኘቱ መች ይቀራል? ይህን ስጠይቅ ባልደረቦቼ «አንቺ ደግሞ» ብለው ያልፉኝ ነበር።

እኔ ግን የማስበው ደካማ ሰው ነበረኝ። አባቴ።

አባቴ ሸማኔ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ፣ ግቢው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ሁለት የሽመና ጉድጓዶች ጎን ለጎን አሉ። በአንዱ እሱ እግሩን አስገብቶ ይሠራል፤ በሌላው ከጋሞ ተራሮች የመጣ፣ በአባቴ ወገን የሚዛመደን ጎልማሳ ሸማኔ አለ፤ አብረው ሲሠሩ ዓመታት አልፈዋል። የገናና የጥምቀት ሰሞን ለነሱ ፋታ የለውም። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ ታቦት አንሸኝም፤ ታቦት የሚሸኘው ሰው የሚለብሰው ነጭ ግን ከኛ ቤትም ይወጣል።

ኮሮና አገራችን ገባ የተባለ ጊዜ፣ ክሊኒክ ስለምሠራ አባቴን እንዳልገድለው ብዬ ወደ ውስጥ መግባት ተውኩ። ዓመት ከምናምን ከግቢው በር ላይ ቆሜ ነው ያነጋገርኩት። እሱ በርጩማውን ወደ በሩ ያመጣል፤ እኔ ምግቡን መሬት ላይ አስቀምጬ እርቃለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለ እኔ የሚያጫውተው ሰው ብዙም አልነበረውም። ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ በክረምቱ ማብቂያ ዴልታ ያዘው። ከየት እንደያዘው እስከ ዛሬ አላውቅም። ኦክስጅን ላይ ሆኖ ከረመና ወጣ። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ወደ ጎን ወሰደኝና «ሳንባው ላይ ጠባሳ ቀርቷል። ሁለተኛ እንዳይደርስበት ጠብቂው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም።

ሲያገግም ክትባቱን ወሰደ። እኔም ሁለቴ ተከትቤ ነበር፣ ዴልታም በመጠኑ ነክቶኝ አልፏል። እንግዲህ በሽታው የማያልፈኝ ግድግዳ ሆኛለሁ አልኩና ወደ ውስጥ መግባት ጀመርኩ። ከሥራ ስወጣ ሁለት ታክሲ ይዤ እሄድና አጠገቡ ተቀምጬ በቀሰም ላይ፣ መወርወሪያው ውስጥ በምትገባው ቀጭን ሸምበቆ፣ ማግ አጠነጥንለታለሁ። ያ የእናቴ ሥራ ነበር። አባቴ እኔ ስጠነጥን መወርወሪያውን ከወትሮው ቀስ አድርጎ ይወረውር ነበር፤ ክሩ ቶሎ እንዳያልቅና ቶሎ እንዳልሄድ ይመስለኛል።

ስለ አዲሱ ዓይነት የነገርኩትም እንዲህ ተቀምጠን ነው።

«ያው ኮሮና ነው፣ ግን መልኩን ቀይሯል» አልኩት።

«ጥለቱን ቀይሮ ነዋ የመጣው» አለ። «ሸማው ያው ነው?»

«ሸማው ያው ነው። ሰውነታችን የሚያውቀው ግን በጥለቱ ነበር።»

መወርወሪያውን አቁሞ አሰበ። «እንግዲያ የተከተበውንም፣ ታምሞ የዳነውንም ሊይዝ ይችላል ማለት ነው።»

«ይይዛል። ክትባቱ በሽታው እንዳይገባ ባይከለክልም እንዳይጥለን ያግዛል።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ሁለቴ ተከትቤ፣ ዴልታም ይዞኝ!» አልኩ። አሁን ሳስታውሰው የማፍርበት መልስ ይሄ ነው። በአንድ ትንፋሽ አስተምሬ በሚቀጥለው ራሴን ከትምህርቱ አወጣሁ።

ጥርጣሬዬ የወደቀው በጎልማሳው ሸማኔ ላይ ነበር። ደረቅ ሳል ነበረው። ሲያስል ደግሞ አፉን የሚሸፍነው እጁ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው። ክር ሲበጠስ ጫፉን በከንፈሩ አርጥቦ ይቀጥላል፤ ሁሉም ሸማኔ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አንዱ ሲደክም የሌላውን ጉድጓድ ገብቶ ሥራውን መጨረስም ልማዳቸው ነው። ይህን አይቼ ከክሊኒክ አልኮል ይዤ እየመጣሁ መወርወሪያዎቹን አንድ በአንድ መወልወል ጀመርኩ። አባቴ «እንጨቱን አደረቅሽው፣ ክር ይይዛል» እያለ ያጉረመርማል።

አንድ ቀን መመርመሪያ ይዤ መጣሁና ቀና በል ብዬ ከአፍንጫው ናሙና ወሰድኩ። አንድ መስመር ብቻ ወጣ፤ ነፃ ነው።

«እህቴ፣ የጥጥ ሳል ነው አልኩሽ እኮ» አለ። «ብናኙ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ነው።»

«ይሄ ፈጣን ምርመራ ነው፣ ሊሳሳት ይችላል» አልኩት። ነፃ ያለውን መመርመሪያም ጠረጠርኩት ማለት ነው። ራሴን ልመርምር የሚል ሐሳብ በአጠገቤም አላለፈ።

በግቢው ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ክፍሏ ሳትሠራ በፊት ይሠሩበት የነበረ አሮጌ ጉድጓድ አለ። ሸማኔው ወደዚያ ይውጣ ብዬ አባቴን ወተወትኩት። እምቢ አለ። «አብሮኝ የሚሠራን ሰው እንደ በግ ደጅ አላስርም» አለኝ። ተቆጥቼ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። በታክሲው ውስጥ የተጠበሰ በርበሬ የያዘች ሴት ነበረች፣ እሱ ነው አልኩ። ማግ እያጠነጠንኩ ሁለት ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አባቴ መወርወሪያውን ይዞ ቆመ። አየኝ። የሆነ ነገር ሊናገር ነበር፣ ተወውና «ውሃ ጠጪ» አለኝ። ከዚያ ወደ ሸማኔው ዞረና፣ እኔ ምንም ሳልል፣ «ነገ ዕቃህን ወደ ውጭው ጉድጓድ አውጣ። ውጭ ይሻልሃል» አለው። ሸማኔው ፊቱ ጠቆረ። እኔ በመጨረሻ ሰማኝ ብዬ ደስ አለኝ።

አሁን የመስኮቱን ነገር ልንገራችሁ። በታክሲ ውስጥ መስኮት ክፈቱ እያልኩ የምጣላው እኔ ነኝ። «ንፋስ ይመታናል» የሚሉትን ሴቶች «ንፋስ ማንንም አልገደለም፣ የሚገድለው የታፈነ አየር ነው» እያልኩ አስተምራቸዋለሁ። የአባቴ ክፍል ግን አንዲት መስኮት ብቻ ነበራት፤ የእንጦጦ ብርድ ቀጥታ የሚገባባት። ሸማኔው ወደ ውጭ ሲወጣ ደግሞ መስኮቷ በእሱ በኩል ሆነች። ብርዱ የአባቴን ሳንባ እንዳይነካው፣ የሰውዬውም ሳል እንዳይገባ ብዬ በገዛ እጄ ዘጋኋት። እንዳትከፈትም ጨርቅ ወተፍኩባት። ከዚያ ተመልሼ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጭምብሌንም አውልቄ፤ ምክንያቱም ጠላቱ ውጭ ነበር።

አምስት ምሽት ተከታትዬ መጣሁ። በስድስተኛው ቀን አባቴ ትኩሳት ጀመረው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ወደ ግቢው ወጥቼ ሸማኔው ላይ መጮህ ነበር። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ቆሞ ሰማኝ። ስጨርስ «አፍንጫዬ ይኸው፣ ድጋሚ መርምሪው» አለኝ። መረመርኩት፣ አሁንም አንድ መስመር። አባቴን መረመርኩ፣ ሁለት። ጣቱ ላይ ያሰርኩት የኦክስጅን መለኪያ ቁጥሩ እየወረደ ነበርና በማግስቱ ሆስፒታል ገባ።

ክሊኒክ ስመለስ ባልደረቦቼ የአባቴን ሰምተው ሁላችንም እንመርመር አሉ። የእኔን ራሴ ነኝ ያየሁት። ሁለተኛው መስመር እስኪመጣ መጠበቅ እንኳ አላስፈለገኝም፣ ጠቆር ብሎ ወጣ። ከበርበሬው ቀን ጀምሮ ቀኖቹን ወደ ኋላ ቆጠርኩና እዚያው የላቦራቶሪው በርጩማ ላይ አለቀስኩ። ትኩሳት የለኝ፣ ወገቤን አላመመኝ። ለእኔ በእርግጥ ቀላል ነበር።

አባቴ ዳነ። እንደ ዴልታው ጊዜ አልከረመም፤ ሐኪሙ ክትባቱ ሳይረዳው አልቀረም አለ። ከዚያ በኋላ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መርገጫውን መርገጥ አቃተው፤ ጥቂት ሲሠራ ትንፋሹ ያጥረዋል። አሁን በአባቴ ጉድጓድ የሚሠራው ያው ጎልማሳ ሸማኔ ነው። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማግ ያጠነጥንለታል። ዕድሜ ልኩን የሴት ሥራ ሲለው የኖረውን ማለት ነው። ሸማኔውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ውጭ ስላወጣችሁኝ ነው ያልያዘኝ፣ እኔ ነኝ ማመስገን ያለብኝ» ብሎ ቀለደብኝ፤ ቀልዱ እስከ አሁን ያመኛል። ለአባቴ ግን ያመጣሁበት እኔ እንደሆንኩ ሳልነግረው ዓመታት አለፉ።

ቫይረሱ አሁንም መልኩን ይቀይራል። የአዲሶቹ ስም ፊደልና ቁጥር ተደባልቆበት የመኪና ታርጋ መስሏል፤ የሚጠይቅም ሰው የለም። ባለፈው ወር ሰፈሩ እንደገና ሲያስል እኔንም ጉሮሮዬን ከረከረኝ። መመርመሪያው አንድ መስመር አወጣ፤ አላመንኩትም። ጭምብሌን አድርጌ ሄድኩና ከግቢው በር ላይ ቆምኩ። አባቴ ነገሩ ገብቶት በርጩማውን ይዞ ቀስ እያለ መጣ። እንደ ድሮው ተቀመጠ። እዚያ ሆኜ ሳየው መቻል አቃተኝ።

«አባዬ፣ ያኔ ያመጣሁብህ እኔ ነኝ» አልኩት። «ሸማኔው አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ጉሮሮሽን ስትጠርጊ ሰማሁሽ። የተበጠሰ ክር የምሰማ ሰው እሱን አልሰማም? ሰውዬውንም ያወጣሁት ካንቺ እንዲተርፍ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ «ውጭ ይሻልሃል» ያለው ገባኝ። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ተደስቼበት ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩ። «ልትሞት ትችል ነበር እኮ።»

«ብነግርሽ አትመጪም ነበር» አለ።

በሩን ያዝኩ። እሱ በርጩማውን ይዞ ትንሽ ወደ እኔ ቀረበ።

«ራቅ በል አባዬ» አልኩት።

«ርቄያለሁ» አለ፣ ሳይነሳ።