ጫማ የሚጠብቁት ሽማግሌ

ካንዲ ከተማ፣ ሎተስ አበባ ከምሸጥበት ፊት ለፊት፣ በቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ በር ጫማ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አሉ። ነጭ ሽርጣቸው ሁሌም የተተኮሰ ነው፤ ጎብኚን ከፊቱ ይልቅ በጫማው ያውቁታል።

ትናንት አንድ ረጅም ቱሪስት ጫማዬን አላወልቅም አለ።

«ቢሰረቅብኝስ?»

«ልጄ፣ ይህን የሚያክል እግር ያለው ሌባ በአገራችን አልተወለደም።»

ሰውዬው ስቆ አወለቀ። «ውስጥ እርስዎ የሚወዱት የቱን ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«እኔ እንኳ ገብቼ አላውቅም። ከብዙ ዓመት በፊት ሚስቴ ‹ጫማዬን ጠብቅልኝ› ብላኝ ገባች፤ በጓሮ በር ባዶ እግሯን ወጥታ ቀረች።»

ሰውዬው ይሳቅ ይዘን ግራ ገባው። ከገባ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በዚያው በገባበት በር እየሮጠ ወጣ።

«ምነው፣ ወለሉ አቃጠለህ?» አሉት።

«አለሁ ልልዎት ነው» አለና ተመልሶ ገባ።