አባባ ያዩት ቀይ ጭስ

አባቴ፣ አባባ፣ የመኪና ሐኪም ናቸው ስል ጋራዥ ያላቸው ይመስላል፤ የላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው፣ መንዳት ካቆሙም በኋላ ከሐረር ታክሲ ተራ፣ ከፈረስ መጋላ፣ መራቅ ያቃታቸው ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጣሉ። ሾፌሩ የመኪናውን ኋላ ወደሳቸው አዙሮ ነዳጅ ይሰጠዋል፤ እሳቸው የሚወጣውን ጭስ አይተው ይፈርዳሉ። ነጭ ሆኖ ቶሎ የማይጠፋ ከሆነ ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ዘይቱን የሚያግደው የፒስተኑ ፋሻ አልቋልና ሞተሩ ይውረድ። ሾፌሩን መርቀው ይሸኙታል።

አምና ከሶፊ ገጠር ጫት የሚያመላልስ ሾፌር መጣ። ጭሱ ነጭ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። አባባ ግን «ሰማያዊ ነው፣ ሞተሩን አውርደው» አሉት። ሾፌሩ ጭሱን አየ፣ እኔን አየ፣ «እሺ አባባ» ብሎ ሄደ። ደግሞም የምሩን አወረደው። ፋሻው ጤነኛ ሆኖ መገኘቱን በኋላ የነገረኝ ራሱ ነው።

«አፍ የለህም? ለምን ነጭ ነው አላልካቸውም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ወላሂ፣ አባቴን መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እንዴት ብዬ አያዩም ልበላቸው?»

ዓይናቸውን ሐኪም እንዲያይላቸው ስንት ጊዜ ለመንኳቸው። «የማየው ይበቃኛል፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉኛል፤ ግትር ናቸው፣ እኔም የወጣሁት በሳቸው ነው።

ወሬው ሾፌሮቹ ዘንድ ተዳረሰ። መምጣታቸውን ግን አልተዉም። ጋራዥ ገብቶ የተሠራውን መኪና ሳይቀር አምጥተው ያስነሱላቸዋል፤ አባባ የመሰላቸውን ይናገራሉ፤ «እውነትዎን ነው አባባ» ይሏቸዋል። ደግነታቸው አንጀቴን ይበላዋል። ያናድደኛልም፤ አባቴን እንደ ሕፃን ሲያባብሏቸው ቆሞ ማየት ቀላል አይደለም።

በቅርቡ አንድ ጠዋት አንዱ መጥቶ ሞተሩን አስነሳ። አባባ ፊታቸውን ወደ ጭሱ አዞሩ።

«ቀይ ነው» አሉ።

ቀይ ጭስ የሚባል ነገር የለም። ይህን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው ሐረር ውስጥ አይገኝም።

«እውነትዎን ነው አባባ» አለ ሾፌሩ፣ እንደ ልማዱ። ወዲያው ምን እንዳለ ገባውና ደነገጠ።

አባባ አልተቆጡም። «አጥፋው፣ ልጄ» አሉት። አጠፋው። ግድግዳውን እየዳበሱ ተነሱ፤ በገዛ ቤታቸው በር ላይ ሲዳብሱ ሳያቸው ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሾፌሩ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አንቺም እንደሚያባብሉኝ ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

ክንዳቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡና ብቻቸውን ገቡ።