ቄስ መዝገቡ ቅዳሴ ተዉ

በእኛ አገር ቄስ ቅዳሴ ከተወ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሚስቱ ሌላ ሴት አውቋል፣ ክህነቱ ፈርሷል። ጉንፋን ይዞት ይሆን፣ ወገቡን አሞት ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ታናሽ እህቴ አሰለፈች ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ደብረ ታቦር ከቤቴ ደጃፍ ቆማ «እትዬ ትርንጎ፣ ቄሱ መቅደስ መግባት ትተዋል» ስትለኝ፣ የያዝሁት የድንች ኬሻ ከእጄ አምልጦ ድንቹ መንገድ ለመንገድ ተንከባለለ። ድንች ነጋዴ ነኝ፤ የዚያን ዕለት ግን የሚለቅመውን ሰው እንኳ አላየሁም።

ባሏ ቄስ መዝገቡ ከገሳይ ወረድ ብላ ባለች የገጠር ደብር ያገለግላሉ። በሥራ ቀን ገብስና ስንዴ ያርሳሉ፣ ሰንበት ይቀድሳሉ። ዝምተኛ ናቸው፤ ሴት ስታልፍ መሬት መሬት ያያሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ዝምታ ጥሞኝ አያውቅም።

«ንጋት ላይ ሹልክ ብለው ይወጣሉ» አለችኝ አሰለፈች። «የት ነበሩ ስላቸው ወሬ ይለውጣሉ። ከማሳ ይጠፋሉ። ተራቸው ሲደርስ ሌላ ቄስ ይለምናሉ። በገበያ ቀን ደግሞ ከወርቅነሽ ጠላ ቤት ጓሮ ሲወጡ ታይተዋል።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ምን ቀረ? በተክሊል ያገባ ቄስ! እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ፣ እህቴን አስከትዬ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

ዐቢይ ጾም ነበር። ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ከቄሱ ቤት ተቀመጡ። መሪያቸው አባ ማሩ ናቸው። አባ ማሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ቄስ ነበሩ፣ ሚስታቸው ጥላቸው ስትሄድ መነኮሱ ይባላል።

«ቄስ መዝገቡ» አሉ አባ ማሩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ባለቤትዎ ይኸው አለች። ክህነትዎ አለ ወይስ ፈርሷል?»

የቄሱ ፊት ላብ በላብ ሆኗል። ጋቢያቸው ውስጥ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ፈርሷል» አሉ።

ክው አልሁ። በልቤ ይክዳሉ ብዬ ነበር፤ መካዳቸውንም እየለመንሁ ነበር። አሰለፈች ከመደቡ ወርዳ መሬት ተቀመጠች። ቄሱ ደግሞ ብድግ ብለው በጓሮ በር ሮጡ።

«ወደሷ ነው!» ብዬ ዱላ አንስቼ ተከተልኋቸው። ባሕር ዛፉን አልፌ የቁልቋሉን አጥር ስዞር ደረስሁባቸው። ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ቁጢጥ ብለዋል። ሴት የለም። ዱላዬን እንዳነሣሁ ደርቄ ቀረሁ፤ ከዚያ ፊቴን አዞርሁ፣ ግን አልሄድሁም።

«በድንግል ሂጂልኝ ትርንጎ!»

«ወርቅነሽስ?»

«ምን ሆነች?»

«ከጓሮዋ ሲወጡ ታይተዋል!»

«ሽንት ቤት አላት» አሉ።

ሲጨርሱ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። ሆዳቸውን ከያዛቸው ዓመታት አልፈዋል። እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ይቆርጣል፤ ሜዳ ሲወጡ ቀለል ይላል። አንድ ሰሞን ያስቀምጣቸዋል፣ አንድ ሰሞን ደግሞ ድርቅ ይላል። ኮሶ ጠጥተዋል፣ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ተነክረዋል፣ ባገኙት መድኃኒት ቤት ሁሉ የአሜባ ኪኒን ውጠዋል።

«አንድ ሰንበት መቅደስ ውስጥ ያዘኝ» አሉ። «መውጣት አይቻል፣ መቆየት አይቻል። እንዴት እንደጨረስሁት እሱ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ተራዬ ሲቀርብ ገና ሐሙስ ይነሣብኛል። በዚህ ሆድ መቅደሱን አረክሳለሁ፤ እግዜር ከቤቱ እያስወጣኝ ነው አልሁ። ፈርሷል ያልኋችሁ ለዚህ ነው።»

አመንዝረው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልደነግጥም ነበር። ሰው ሆዴን አመመኝ ማለት አፍሮ ትዳሩን ያፈርሳል?

አሰለፈች ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ቀጥላም ደረታቸውን በቡጢ መታቻቸው። በማግስቱ ሦስታችንም ደብረ ታቦር ሐኪም ዘንድ ነበርን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ደም ይታይብዎታል ወይ፣ ከስተዋል ወይ ብላ ጠየቀች፣ አስመረመረች። አሜባም ቁስለትም አልተገኘም።

«ታዲያ ውሸቴን ነው?» አሉ ቄሱ። ፊታቸው ጠቆረ።

«አይደለም አባታችን፣ ሕመሙ እውነት ነው። አንጀትዎ አልቆሰለም፤ ቶሎ የሚቆጣ አንጀት ነው። ጭንቀት ያስቆጣዋል፣ የማይስማማው ምግብም ያስቆጣዋል። አይገድልም። ጨርሶ ይጠፋል ብዬ ግን አልዋሽዎትም፤ በልጓም ይያዛል። በጾም ምን ይበላሉ?»

ምን ይበላሉ! ቀኑን ሙሉ ጾመው ማታ የባቄላ ሽሮ፣ ሽንኩርት የበዛበት የአተር ክክ፣ በላዩ ጠላ። ጾሙ ሲጠብቅ ሕመሙ ይጠብቃል፤ ሕመሙ ሲጠብቅ እሳቸው ጾም ይጨምራሉ።

«ጾምዎን አይሻሩ፤ ባቄላውን ይሻሩት» አለች። ለጊዜው ባቄላ፣ አተር፣ ሽንኩርትና ጠላ ይቅር፤ የጤፍ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ካሮትና ድንች ይሁን። ከዚያ የተተወውን አንድ በአንድ እየመለሱ የሚያስቆጣውን መለየት ነው። ጥቂት ጥቂት፣ ቀስ ብሎ መብላት። ኮሶና ያለ ምርመራ የሚዋጥ ኪኒን ይቁም፤ ደም ከታየ ግን ቶሎ መምጣት። ቁርጠቱን የሚያላላ መድኃኒት አዘዘችላቸው፤ መቅደስ ከመግባታቸው በፊትም አረፍ ብለው በረጅሙ እንዲተነፍሱ መከረቻቸው።

ድንች! ዕድሜዬን ሙሉ የምሸጠው! ከዚያ ወዲያ በየሚኒባሱ ላክሁላቸው።

ትንሣኤ አልፎ፣ ቄስ መዝገቡ የሆዳቸውን ነገር ለሽማግሌዎቹ ብቻ ነግረው መቅደስ ገቡ። ሆዳቸው አልፎ አልፎ ያጉረመርማል፤ እሳቸው ግን አይሸሹም። ያን ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ አሰለፈችን ከበው «እንኳን ባልሽን ለንስሐ አበቃልሽ» ቢሏት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል «የምን ንስሐ? ባሌን ሆዳቸውን አሟቸው ነው! አንጀታቸውን!» አለች። ቄሱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ከቅጥሩ በር ስደርስ አባ ማሩ ጠሩኝ።

«ሐኪሟ ያለችውን እስቲ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አሉ። ነገርኋቸው።

«ሲወጡ ቀለል የሚል ነው?»

«አዎ አባ።»

«ተራ ሲቀርብ ገና ከሐሙስ የሚጀምር?»

«አዎ።»

መቋሚያቸውን ከቅጥሩ አስደግፈው ከድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ባለቤቴ ስትጠይቀኝ እኔም ፈርሷል ነው ያልኋት» አሉ። «ከአጥሩ ኋላ ግን ተከትሎኝ የመጣ ሰው አልነበረም።»