የአክስቴ መቀስና የዘገየው ምሳ

አክስቴ ጨርቅ ቆራጭ ናት። እኔም እሷ ባለችበት ስፌት ቤት በስፌት መኪና ስለምሠራ ሳላጋንን ነው የምናገረው፤ እሷ የቆረጠችውን ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትሰፊው እንኳ ጠርዙ ራሱ ይገጥማል።

አንድ ሰሞን ግን ከምሳ በኋላ እጇ ይንቀጠቀጥ፣ ላብ ያጠምቃት ጀመር። እጅጌም አበላሸች። ስኳር እንዳለባት እናውቃለን፤ የኢንሱሊን መርፌዋንም ከምሳ በፊት ትወጋለች። በልታ ስትለካ ስኳሯ ወርዷል፣ ማታ ደግሞ ሰማይ ይነካል። ጡረተኛው ባሏ ቀን ቀን አልበላሽም እያለ ሳህኗ ላይ ይከምራል፣ ማታ ማታ ተደብቀሽ ጣፋጭ በላሽ ብሎ ጓዳ ይበረብራል። ባንድ ራስ ሁለት ምላስ! የስፌት ቤቱ ባለቤት ደግሞ እንዲህ ከቀጠለች የታዘዘውን የሙሽራ ልብስ ሌላ ሰው ይቆርጠዋል አሉ። አክስቴ ከመቀሷ ከምትለይ ጣቷን ብታጣ ትመርጣለች።

ሐኪም ቤት አብሬያት ገባሁ። ሐኪሟ ያስመልስሽ ነበር ወይ ብላ ስትጠይቃት ልትክድ ስትል አፈጠጥኩባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አንገቷን ደፍታ፣ ጠዋት ጠዋት የማታው እራት እንዳለ ተመልሶ እንደሚወጣ ተናገረች። የሚያበስለው ባሏ ነዋ፣ ቅር እንዳይለው ብላ ነው የደበቀችው።

ከምርመራው በኋላ ሐኪሟ አስረዳችን። ስኳሩ ለዓመታት የጨጓራዋን ነርቭ ስለጎዳው ምግቡ እዚያው ይቆያል። መርፌው ሥራ ሲጀምር ምግቡ ገና ወደ አንጀቷ አልደረሰም፣ ስኳሯ ይወርዳል፤ ምግቡ ሲደርስ ደግሞ መርፌው ኃይሉን ጨርሷል፣ ስኳሯ ይወጣል። ስኳሩ ሲወጣ ጨጓራዋ ይብሱን ይለግማል። የመርፌውን ሰዓት ሐኪሟ ራሷ ለወጠችላት፤ ምግቡም ትንሽ ትንሽ፣ ለስላሳና ቅባት ያነሰው እንዲሆን አዘዘች። ባሏ አፍሮ ሾርባ መሥራት ተማረ።

የሙሽራዋ ጨርቅ የመጣ ቀን እናትየው ቆመው ያጣድፋሉ። አክስቴ መቀሱን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ጣቷን ወግታ ስትለካ ስኳሯ ወርዷል። ድሮ ቢሆን ጥርሷን ነክሳ ትቆርጠው ነበር። አሁን ግን ጣፋጭ ጭማቂ ጠጥታ ተቀመጠችና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እጄ እስኪረጋ አልቆርጥም» አለች። ኮራሁባት።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ መጡ። መቀሱን ለሌላ ሰው ሊሰጡ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ለእሳቸው ወንበር አምጡላቸው» አሉ ወደ እናትየው እየጠቆሙ። «ቆራጫችን እስክትነሳ እንጠብቃለን።»