የቅዳሜዎቹ ዘር ቆጣሪዎች

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ለሥራ አርባ ምንጭ ስመደብ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ የሞተው ገና በልጅነቴ ነው። እናቴም ሥራ ከመያዜ ጥቂት ወራት ቀድማ አረፈች። ቀን ቢሮ ስጽፍ እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ የተከራየኋት ክፍል ገብቼ በሬን እዘጋለሁ።

አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራ ሴት «የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል፤ ሽማግሌዎቹ ጸሐፊ ይፈልጋሉ» አለችኝ። ሽማግሌዎቹ በከተማው ሲቀላ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የእድር አዳራሽ ጀርባ ባለች ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡ አምስት ጡረተኞች ነበሩ። ሥራቸው የሰውን የዘር ሐረግ ማፈላለግ ነው። ሊጋቡ ያሰቡ ወጣቶች ዝምድና እንዳይኖራቸው ለማጣራት ይመጣሉ። ከደጋ ወርዶ ላንቴ ላይ ሙዝ የሚያለማ ገበሬ የአያቱን ወንድሞች ፍለጋ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ።

የሰው አያት ቅድመ አያት ስጽፍ ስድስት ወር ሞላኝ። አንድ ቅዳሜ ባለጉዳይ ሳይመጣ ቀረና፣ ድሮ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ የነበሩት ሊቀመንበር ወደ እኔ ዞሩ።

«የአንቺንስ መቼ ነው የምንጽፈው፣ ልጄ?»

«የእኔ አጭር ነው። መታወቂያዬ ላይ ካለው በላይ አላውቅም።»

«አባትሽ የየት አገር ሰው ነበር?»

«ሸማኔ ነበር። ከጨንቻ እንደመጣ እናቴ ነግራኛለች። እሱ ግን ስለ ዘመዶቹ አንስቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ስድስት ወር ሙሉ እዚህ ተቀምጠሽ?» አሉኝ ተገርመው።

እውነቱን ለመናገር፣ ፈልገው ቢያጡልኝስ ብዬ ፈርቼ ነበር።

እሳቸው ከጨንቻ ደጋ የሚወርዱ ሸማኔዎችን በየገበያው ሲጠይቁ ሰነበቱ። ከወር በኋላ፣ አያቴ ክርስትና ሲነሳ ስሙ እንደተለወጠና መንደሩ የሚያውቀው በቀድሞ ስሙ እንደሆነ ደረሱበት። አባቴ በመሬት ጉዳይ ከአያቴ ጋር ተጣልቶ፣ እንደወጣ የቀረ ልጅ ነበር። ታላቅ እህቱ በሕይወት አለች።

እሑድ ከሊቀመንበሩ ጋር በአውቶቡስ ወደ ጨንቻ ወጣን። አክስቴ ከቀርከሃ ቤቷ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችን። የምትችለው ጋሞኛ ብቻ ስለነበር እሳቸው አስተረጎሙልን።

«ወንድሜ የት ተቀበረ?»

«አዲስ አበባ።»

«ማን አለቀሰለት?»

«እናቴና እኔ። ጎረቤትም ነበር።»

ይህን ስትሰማ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ኋላ ሊቀመንበሩ ጎረቤት ሰላም ሊሉ ወጡና ሁለታችን ቀረን። ቆጮ አቀረበችልኝ፤ በላሁ። አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አልገባኝም። ቀስ አድርጋ ደገመችልኝ። እንዳልገባኝ ራሴን ወዘወዝኩ። እጄን ያዘች።

በመስቀል ብቻዬን ሄድኩ። ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ የተነገረው ሁሉ እየመጣ ይስመኛል። የአክስቴ ልጅ አማርኛ ይችላል፤ ከብዙው ጨዋታ አንዳንዱን ይተረጉምልኛል። ሰዉ ስቆ ሲያበቃ እኔ እስቃለሁ። የሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ለመመለስ ተነሳሁ።

አክስቴ እስከ አውቶቡሱ ድረስ አብራኝ መጣች። መንገዱን ሙሉ በጋሞኛ ታወራኛለች፤ እኔም በአማርኛ እመልስላታለሁ።