የመምህር ካሣሁን ችካሎች

ሰሞኑን ወረታ መገንጠያው ላይ ከባጃጅ ስወርድ፣ ውኃ የሸሸበት የፎገራ ጭቃ ሽታ ከሩዝ ገለባ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲመታው መምህር ካሣሁን ትዝ አለኝ። ሰባተኛ ክፍል ባዮሎጂ ያስተማረን፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ቦቲ ጫማው ከእግሩ የሚሰፋ ቀጭን ሰው ነበር። እንዴት እንደናፈቀኝ።

በሬ በማይጠመድበት የበዓል ቀን ፈቃደኛውን ሁሉ ሰብስቦ ሜዳው ላይ ያሰማራናል፤ ተማሪውን፣ እናቴን፣ ጸጉር አስተካካዩን ሳይቀር። ምን ሣር እንደበቀለ፣ ምን ወፍ እንዳረፈ፣ አሜኬላ የሚባለው እሾኻም አረም ግጦሹን የት ድረስ እንደወረረው አይተን እንመዘግባለን። ክፍያ እንደሌለው የሰማ ሁሉ ይስቅብናል። እኔ ግን ስረግጠው የኖርኩት ሣር ስንት ዓይነት እንደሆነ ሳይ፣ እስከዚያ ዓይኔ የት እንደነበር ይገርመኝ ነበር።

አንድ ቀን በእትዬ ጥሩዬ የግጦሽ መሬት ላይ አራት ችካል ተክሎ ገመድ ወጠረና በመካከሉ ያለውን ቅጠል ሁሉ አስቆጠረን። ተመልሰን እዚያው እንድንቆጥር ብሎ ችካሉን ሳይነቅል ተወው። የአዲስ አበባ ሰው ከየት ይወቀው። እኛ ዘንድ ችካል የሚተከለው መሬት ሊወሰድ ሲለካ ነው። ከተማው በሰፋ ቁጥር ስንቱ ገበሬ ማለዳ ማሳው ላይ አግኝቶት ደንግጧል።

ስንመለስ እትዬ ጥሩዬ ችካሎቹን ነቅለው፣ ታቅፈዋቸው ተቀምጠዋል። ባላቸው ሞተዋል፤ ከዚያች መሬት ሌላ የላቸውም። እንቅልፍ በማጣት ዓይናቸው ቀልቷል።

«መሬቴን ለማን ሰጥተኸው ነው?» አሉት።

መምህሩ ክው አለ። «ለማንም አልሰጠሁም፣ እትዬ። ሣሩን ልናውቀው ብለን ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሣር ደግሞ ምኑ ይታወቃል?»

«እኔም ገና እየተማርኩ ነው።»

ችካሎቹን ከእቅፋቸው አወረዱ። ከዚያ ከወገባቸው መቀነታቸውን ፈትተው ሰጡት። «ችካል መሬቴ ላይ አያድርም። በዚህ ክበብና ቁጠር፤ ስትጨርስ ታጥቄው እገባለሁ።»

መቀነቱን ሣሩ ላይ ዘርግተን ቆጠርን። መጀመሪያ እትዬ ጥሩዬ እጃችንን እንጂ ሣሩን አያዩም ነበር። ኋላ ግን ጎንበስ ብለው «ይቺስ?» ማለት ጀመሩ።

መምህር ካሣሁን ብዙም ሳይቆይ ተዛወረ። እኛም ነገሩ ያከተመ መስሎን ተበተንን። ክረምቱ እንዳለፈ እትዬ ጥሩዬ ለገበያ ወረታ ሲመጡ ቤታችን ድረስ መጥተው እናቴን ጠሯት።

«መሬቴ ላይ የማላውቀው አበባ ወጥቷል» አሉ። «መምሩ ባይኖርም ኑና እዩት እንጂ።»

በማግስቱ ሄድን። ምን አበባ እንደሆነ ማናችንም አላወቅንም። እትዬ ጥሩዬን መሐላችን አድርገን፣ ዙሪያውን ተቀምጠን ስናየው ዋልን።