የሸክላ ወታደሮች በለቅሶ ቤት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ የባለቤቴ አርባ ወጥቶ ሰማንያው ሳይደርስ ነው። የዚያን ሰሞን ነገር ብዙውን ረስቼዋለሁ። አርባው ዕለት ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ እንኳ በደንብ አላስታውስም። ያቺን የቅዳሜ ከሰዓት ግን ከነድምፅዋ አስታውሳታለሁ፤ እንደዚያ ቀን አፌን መዝጋት ከብዶኝ አያውቅም።

ቤታችን ጉለሌ ነው፤ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ቁልቁል በሚወርደው ጠባብ መንገድ ዳር። ባለቤቴ መስፍን የንድፍ ሥራ መምህር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ሥራው ሁሉ የጦርነት ጨዋታ መፍጠር ሆነ። ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ከካርቶንና ከጄሶ ተራራና ሸለቆ ይሠራል። ከአውራ ጣት የማይበልጡ ወታደሮች ያሰልፋል። ማን ምን ያህል እንደሚሄድ፣ ማን ማንን እንደሚመታ በዳይስና እሱ በጻፈው ሕግ ይወሰናል።

በፊት የሚሠራው በመሳፍንቱ ዘመን የነበሩትን ጦርነቶች ነበር። የመጨረሻው ግን ገና ባልመጣ ዘመን፣ ውሃ በደረቀበት በሌላ ዓለም የሚደረግ ነው። አንድ ጉድጓድ ውሃ ቀርቷል። ዘበኞች ይጠብቁታል፤ መጻተኞች ሊወስዱት ይመጣሉ። ወታደሮቹን ራሱ በጭቃ ያበጃቸዋል፤ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ደግሞ ከድስቶቻቸው መሃል አስገብተው በእሳት ይተኩሱለታል።

እንዲህ ያለ ጨዋታ ተሠራ ተብሎ አይተውም፤ ይሞከራል። መጀመሪያ ጓደኞቹ ይጫወቱታል፤ የሚሰናከልበትን እያየ ያስተካክላል። የመጨረሻው ሙከራ ግን ጨዋታውን አይተው በማያውቁ ሰዎች ነው የሚደረገው። የተጻፈው ሕግ ብቻ ይሰጣቸዋል። ሠሪው ጥግ ይዞ ያያል እንጂ ስለ ጨዋታው አንዲት ቃል አይተነፍስም። ከተነፈሰ ሙከራው ፈረሰ። ሰው ጨዋታውን ገዝቶ ቤቱ ሲወስድ ሠሪውን አብሮ አይወስድምና። መስፍን ዝም ማለት ስለሚያቅተው የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ነበር የሚቀመጠው።

ያን የመጨረሻ ሙከራ ሳያደርግ ሞተ።

አንድ ቀን የረጅም ጊዜ ጓደኛው ጋሽ ኃይሉ መጣ።

"አልማዝ፣ እውነቱን ልንገርሽ" አለኝ። "የማያውቁት ሰዎች እስከ መጨረሻው ከተጫወቱት እኔ አሳትመዋለሁ። መሃል ላይ ከቆመ ግን ሳጥን ውስጥ ይቀራል።"

"ከቆመ እንደገና እንሞክራለን" አልኩት።

"ምኑን አስተካክለን? የሚያስተካክለው ሰው የት አለ?"

በመስፍን ቦታ እኔ እንድቀመጥ ተስማማን። የሕጉን ጽሑፍ የገለበጥኩለት እኔ ስለሆንኩ ከሱ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ተራራው ከጠረጴዛው ጋር ስለተጣበቀ ወደ ሌላ ቤት መውሰድ አይቻልም። ስለዚህ ሙከራው እኛ ቤት ሆነ።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ኃይሉ ሁለት ሰዎች ይዞ መጣ። አንደኛው ታደለ፣ ሽሮ ሜዳ የሚሠራ ሸማኔ ነው። ሌላዋ ሰብለ ትባላለች፤ ዊንጌት አካባቢ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እርስ በርሳቸውም አይተዋወቁም።

እኔም ሆንኩ ጋሽ ኃይሉ ያላሰብነው ነገር በሩ ላይ ጀመረ። እኔ ከራስ እስከ እግሬ ጥቁር ለብሻለሁ። የመስፍን ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ታደለ ፎቶውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። ሰብለ ጎንበስ ብላ እጄን ጨበጠችኝ። ከዚያ ሁለቱም ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ጠረጴዛው ፊት ተቀመጡ።

"ይጀምሩ" አለች ሰብለ በሹክሹክታ።

"አይ፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

"ኧረ በሞቴ!"

ለጦርነት እኮ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን አነበቡ፤ ታደለ ዘበኞቹን ያዘ፣ ሰብለ መጻተኞቹን። ርቀት የሚለካው ቋጠሮ ባለው ክር ነው፤ ክሩ ከወታደሩ እግር ይጀምራል። ታደለ ግን ከወታደሩ አናት ጀመረ። ልናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ኃይሉ ጉሮሮውን ጠረገ። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩ። ሰብለ ወረቀቱን ደግማ አየችና "ከእግሩ ነው የሚለው" አለች። ትንፋሼ ተመለሰ።

ብዙም አልቆየ፤ ሌላ ነገር አየሁ። አይዋጉም። ታደለ ፊት ለፊቱ የቆመ መጻተኛ እያለ መተኮሱን ትቶ ሌላ ወታደር ወደ ጎን ያንቀሳቅሳል። ሰብለ ወታደሮቿን ወደ ጉድጓዱ ማስጠጋት ሲገባት ወደ ኋላ ትመልሳቸዋለች። ዳይሱን ድምፅ እንዳያሰማ መዳፋቸው ላይ ነው የሚያገላብጡት። በአጋጣሚ አንድ ዘበኛ ሲወድቅ ሰብለ "ውይ፣ ይቅርታ" ብላ ወደ እኔ አየች።

ያኔ ገባኝ። ነጠላዬን ነክሼ ሲያዩኝ ለቅሶዬን የምውጥ መስሏቸዋል። ሟቹ በእጁ የሠራውን ወታደር ሚስቱ እያየች መግደል ከብዷቸዋል። ጨዋታው ሊቆም ነው። የሚቆመው ደግሞ በሕጉ ጉድለት ሳይሆን በእኔ ነው። ነጠላዬን ከአፌ እንዳላወጣ የሚያመልጠኝን ቃል ፈራሁ። እንዳልተወውም እየባሰባቸው ሄደ። ከመቀመጫዬ ብነሳ ደግሞ ተከትለውኝ የሚነሱ መሰለኝ። ጋሽ ኃይሉ ማስታወሻ የሚይዝበትን እስክሪብቶ አስቀመጠ። እሱ እስክሪብቶ ካስቀመጠ ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው።

ታደለ ተነሣ።

"ጋሼ፣ እትዬ እያለቀሱ እኮ ነው" አለ ዝግ ብሎ። "እኛ እዚህ ተቀምጠን ብንጫወት ነውር ነው። ሌላ ቀን ይሁን።"

ሰብለም ቦርሳዋን አነሣች።

ሌላ ቀን የሚባል ነገር አልነበረም። ሕጉን አንብበዋል፤ ከእንግዲህ አዲስ ሰዎች አይደሉም። ሌሎች ቢመጡም እኔን በጥቁር ልብስ ነው የሚያገኙኝ። ጋሽ ኃይሉ ዕድሜው ገፍቷል፤ ደጋግሞ ሰው ፍለጋ የሚወጣበት ጉልበት የለውም። ብናገር ሙከራውን ማፍረሴ ነው፤ ዝም ብል መሄዳቸው ነው።

ታደለ በሩን ሲይዝ ነጠላዬን ከአፌ አወጣሁ።

"ተቀመጥ ልጄ" አልኩት፣ ወታደሮቹን በእጄ እያሳየሁ። "እኔ ለእነዚህ አላለቅስም። የማለቅስለት የራሴ አለኝ።"

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጠንከር ብሎ ወጣ። የሐምሌው ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋሽ ኃይሉ ዓይኑን ጨፍኗል፤ የሙከራውን ሕግ ጣስኩ አልጣስኩ እያሰላ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለ ጨዋታው ግን አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ቀድማ የተቀመጠችው ሰብለ ናት። ታደለን ቀና ብላ አየችው።

"ለመሆኑ ሊሄዱ የነበረው አዝነው ነው ወይስ ፈርተው?"

"ፈርተው? እኔ?" ታደለ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። "ዳይሱን ያቀብሉኝ!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ያስቸግራል። መጀመሪያ ሹክሹክታው ጠፋ። ቀጥሎ "እርስዎ" የሚለው ጠፋ።

"ክሩን ወጠርከው! ያጭበረብራል እንዴ ይሄ ሰውዬ!"

"ክር ለኔ ልታስተምሪኝ? ከተወለድኩ ጀምሮ ክር ውስጥ አይደል ያለሁት!"

"ታዲያ ልክ አታውቅማ!"

"ሂጂና ለቁስለኞችሽ ፋሻ አምጪ፣ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው ብለሻል!"

መስኮቱ ክፍት ነበር። ጎረቤት ምን ይላል ብዬ ልዘጋው ተነሣሁና ተውኩት።

ጉድጓዱ አጠገብ የዘበኞቹ አዛዥ ቆሟል። ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ከመዳብ ሽቦ የተሠራ መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ነው። መስፍን ራሱን አስመስሎ ነበር ያበጀው። ጓደኞቹ ሁሉ ያውቃሉ። በሙከራ ሁሉ አልፈውት ይሄዳሉ እንጂ ደፍሮ የሚተኩስበት አልነበረም። ስለዚህ አዛዡ ሲወድቅ ምን ይሆናል የሚለው ሕግ ተሞክሮ አያውቅም ነበር።

ሰብለ ይህን አታውቅም። ክሩን ከወታደሯ እግር ዘረጋች። ቋጠሮው አዛዡ ጋ ደረሰ። ዳይሱን ወረወረችው፤ ጠረጴዛው ላይ ተንከባሎ ስድስት ላይ ቆመ።

"በል ደህና ሁን፣ አዛዥ!" ብላ በጣቷ ገፋችው። መነጽሩ ጠመም ብሎ በጎኑ ወደቀ። አንሥታ የሞቱት የሚቀመጡበት ትሪ ላይ ጣለችው።

"ወይኔ!" ብሎ ታደለ ራሱን ያዘ። ወረቀቱን ነጠቀና ጮክ ብሎ አነበበ። አዛዥ ሲወድቅ እያንዳንዱ ዘበኛ ይቆም ወይም ይሸሽ እንደሆነ ዳይስ ይጣልለታል። ማንንም ሳይጠይቅ ለእያንዳንዱ ጣለ። ጥቂቶቹ ቆሙ። ጉድጓዱን ከበው እስከ መጨረሻው ተዋጉ፤ በመጨረሻም ሰብለ ወሰደችው።

ያን ጊዜ በእውነት አለቅስ ነበር። እንባዬ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል። ማንም አላየኝም። ጋሽ ኃይሉ እንኳ ከወንበሩ ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ አዘንብሏል።

ሲወጡ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ እስከ አጥር በር ሸኘኋቸው። ከለቅሶ ቤት የሚወጣ ሰው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ይላል፤ እኔም "አሜን" ልል ተዘጋጅቼ ቆምኩ። ሁለቱ ግን ስለዚያ ክር እየተጨቃጨቁ ቁልቁለቱን ወረዱ። ከታጠፉ በኋላም የታደለ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ዞር ብለውም አላዩኝ።

ያኔ ትንሽ ከፋኝ። ጨዋታው አሁን ታትሟል፤ ብዙ ባይሆንም በሰዎች እጅ ገብቷል። ሐዘኔ ያው ነው፤ አልቀነሰም። ነገር ግን የመስፍን ሥራ ሁለት ሰዎችን እኔን እስኪረሱ ድረስ እንዳጣላቸው ሳስብ ደስ ይለኛል። እሱም በሕይወት ቢኖር ኖሮ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጭቅጭቃቸውን እስኪርቅ ያዳምጥ ነበር።